ሰባት ቅጂ ዲስክ፣ አንድ ቁልፍ

በሰፈሩ የሚወራው እንዲህ ነው። አራሚዋ ባሏን ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ቆልፋበት፣ ኮምፒውተር ፊት ጎልታ፣ የተደበቀ የውርስ ኑዛዜ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ስታስገድደው ኖራለች። ልጇ ስታምጥ እንኳ ከዚህ የኮምፒውተር ሣጥን አልለይም ብላ ቀርታለች። በመጨረሻ ፖሊስ በር ሰብሮ ሰውዬውን ሲያወጣው ጢሙ እምብርቱ ደርሶ ነበር፤ ብርሃን ከመርሳቱ የተነሳም እንደ ሌሊት ወፍ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የወጣው።

ወሬው መጣፈጡ አይካድም። ግን ቆም ብሎ ላየው ቀዳዳው ብዙ ነው። ባልየው ጢም አሳድጎ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስለነዳ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ሾፌሩ ይለዋል፤ ተቆልፎበታል በተባሉት ሦስት ዓመታትም በየማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከጥጉ ካፌ፣ በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ጠፍቶ አያውቅም። በየቀኑ ሻይ እየጠጡ መታሰር ካለ፣ የእስር ቤቱን አድራሻ የሚጠይቅ ሰው ሰልፉ መንገድ ይዘጋል። ቢሆንም እሳት በሌለበት ጭስ አይታይምና፣ እሳቱ የቱ ጋ እንደነበር ከመነሻው ማየት ይሻላል።

አራሚዋ ከማተሚያ ቤት ጡረታ የወጣች ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ስትለቅም ኖራ፣ ስትወጣ ልማዱ አብሯት ወጣ። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን ታርማለች፤ የሱቅ ማስታወቂያ ታርማለች። አንዴ ለቅሶ ቤት ገብታ፣ ከሟቹ ፎቶ ሥር የተጻፈው ዕድሜ ሁለት ዓመት እንደተጨመረበት አስልታ፣ ልጆቹ በሚያለቅሱበት መሀል ነግራቸዋለች። ትክክል ነበረች። ማንም አላመሰገናትም።

አባቷ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። አርባ ዓመት ቤት ለቤት እየዞሩ ቁጥር ይመዘግባሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ቁጥሩን ትተው ያዩትን በደብተር ያሰፍራሉ። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛዋ ሴትዮ ቆጣሪው ላይ በርሜል ደፍታ «እኛ ቤት ቆጣሪ የለም» እንዳለቻቸው። አርባ አንድ ደብተር ሞልተው ሞቱ። አራሚዋ ስድስት ዓመት ፈጅቶባት አርባ አንዱንም በቤት ኮምፒውተር ጻፈቻቸው። የመጨረሻውን ገጽ በጨረሰች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈነዳና ደብተሮቹ የነበሩበት ቁም ሣጥን ሲጠጣ ዋለ። አርባ አንዱም ሊጥ ሆኑ። የዚያን ቀን ቆጣሪው ስንት እንደቆጠረ ማንም አላየም።

ከዚያ ወዲህ አባቷ የሚገኙት አንድ ቦታ ብቻ ሆነ፤ መኝታ ቤቱ ጥግ ባለው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ።

ምክር ፍለጋ መንገድ ዳር ኪዮስክ ካለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄደች። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛው፣ ሃርድ ዲስክ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ነው፤ የሞተና ወረፋ የሚጠብቅ። ሁለተኛውን ግን ባይነግራት ይሻል ነበር።

«እትዬ፣ ያልተፈተሸ ቅጂ ቅጂ አይደለም።»

ለአራሚ ፈትሺ ማለት፣ ለተራበ ሰው ብላ እንደማለት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይባል የለ፤ ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እየተፍለቀለቀች ገባች፣ ከዚያ መውጫው ጠፋ።

አራት ፍላሽ፣ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስክና አንዲት የጥፍር ታህል የሞባይል ካርድ ገዛች። ሰባት መሆናቸው ነው። አንዱ ስኳር ጣሳ ውስጥ፣ አንዱ ካልሲ ውስጥ፣ አንዱ ከግድግዳው ሰዓት ጀርባ፤ የቀሩትን ቦታቸውን ለባሏም አልነገረችም። ስለዚህ ሾፌሩ ሻይ በገዛ እጁ ባፈላ ቁጥር ስኳሩን እንደ ፈንጂ አምካኝ በጥንቃቄ ነበር የሚጨልፈው።

የመገልበጡ ሥራ ቀላል ነበር። ጠጋኙ ድሮ፣ እንዳትቸገር ብሎ፣ ስክሪኑ ላይ «የአባባ ደብተሮች» የምትል ቢጫ ፎልደር አስቀምጦላት ነበር። እሷን ይዛ ሰባቱም ላይ አሳረፈቻት። የፎልደሯ ጥግ ላይ ጎበጥ ያለች ትንሽ ቀስት ነበረች። በማተሚያ ቤቱ ደንብ፣ ዳር ላይ የምትደረግ ጎባጣ ቀስት «ወደ ቦታው ተዛውሯል፣ ታይቷል» ማለት ናት። አራሚዋ ቀስቷን አየችና ኮምፒውተሩን አከበረችው። ደንብ የሚያውቅ ዕቃ ነው አለች።

ፍተሻው ግን ለዕቃ የሚተው አልነበረም። ማተሚያ ቤት አንዱ ዋናውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ቅጂውን በማስመሪያ እየተከተለ ያያል። እዚህም እንዲሁ ሆነ። ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ፤ በግራ ዋናው፣ በቀኝ ከፍላሹ የተከፈተው። ሾፌሩ ግራውን ያነባል፣ አራሚዋ ማስመሪያዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቀኙን ትከተላለች። ነጠላ ሰረዙም፣ አራት ነጥቡም በስሙ ይጠራል። ሾፌሩ የሚያነበው እንደሚነዳው ነው፤ አንዳንዱን መስመር ዘሎ ሲያዝ፣ «ሰው ያልቆመበት ፌርማታ ነው» ይላል። ደግሞ በየገጹ መሀል ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነስቶ ካፌ ስለሚገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉም አራሚዋ ሹራብ ኪስ ውስጥ ይገባል።

አርባ አንዱን ደብተር አንብቦ መጨረስ አምስት ሳምንት ይፈጃል። በአምስቱ ሳምንት ውስጥ አራሚዋ ዋናው ላይ እዚህም እዚያም አንዳንድ ነገር ታስተካክላለች። ስለዚህ ልክ ፍተሻው ሲያልቅ ቅጂው አሮጌ ሆነ ማለት ነው። እንደገና ይገለበጣል፤ እንደገና ይነበባል።

«እኔ የነዳሁት መስመር እንኳ የመጨረሻ ፌርማታ ነበረው» አላት ሾፌሩ አንድ ቀን።

ማስመሪያዋን ወደ ቀጣዩ መስመር አወረደች። ቀኑን ሙሉ ስርዓተ ነጥብ ከመጥራቱ ብዛት ካፌ ገብቶ «አንድ ሻይ ስጠኝ ነጠላ ሰረዝ ስኳር አታብዛበት አራት ነጥብ» ማለት ጀምሮ ነበር። ባለ ካፌው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ ግን እሱም «መጣ አራት ነጥብ» እያለ ይመልስ ጀመር።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሰባቱም ቅጂ ላይ አንድ ስህተት አልተገኘም። አንድ። የሟች ዕድሜ ላይ ሁለት ዓመት የምታገኝ ሴትዮ ይህ ሊያጠራጥራት በተገባ ነበር። እሷ ግን ኮራች። እንዲያውም ዛሬ ዋናው ላይ ያስተካከለችውን፣ ነገ ሳትገለብጠው ቅጂው ላይ ተስተካክሎ ታገኘዋለች፤ ይህንንም ጎረቤት ጠርታ አሳይታለች። የኔ ቅጂ ራሱን በራሱ ያርማል ብላ።

ችግሩ ልጃቸው ላይ ደረሰ። ልጃቸው አግብታ የምትኖረው የአምስት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ፍተሻው አራተኛው ሳምንት ላይ ነበር። አራሚዋ የቀረውን አንድ ሳምንት ብቻ፣ አንድ ሳምንት ብቻ እያለች፣ ከወለደች በዘጠነኛው ቀን ደረሰች። ልጅቷ አልጮኸችባትም። «እማ፣ አባባ አንዴ ሞተዋል» አለቻት። «እኔ ግን ልሞት ምንም አልቀረኝም ነበር።» ሁለተኛውን ስታረግዝ ደግሞ ደወለችና፣ ይህንንም ካመለጥሽ ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተይው አለቻት። አራሚዋ ስልኩን ዘግታ ዓረፍተ ነገሩን ደጋግማ አየችው። የሚታረም አላገኘችበትም።

እንግዲህ መሄድ አለባት። ሳትፈትሽ ትታው መሄድ አትችልም። ፍተሻው ደግሞ አያልቅም። የመውለጃው ቀን እየቀረበ ሲመጣ ንባቡ ከጠዋትም ሆነ፤ ሾፌሩ ድምፁ ተዘግቶ በሹክሹክታ ያነብ ጀመር፤ እሷ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በር አጠገብ አቁማ፣ በሻንጣውና በስክሪኑ መሀል ወንበሯ ላይ ተቸንክራ ቀረች። አንገቷ እንኳ ወደ ቀኝ ብቻ ነበር የሚዞረው።

ቀኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሾፌሩ አንድ ነገር አሰበ። ከደብተሮቹ አንዷን ገጽ በወረቀት አሳትሞ ለልጁ በስጦታ ሊልክላት። ከስኳር ጣሳው ፍላሹን አውጥቶ፣ ስኳሩን አራግፎ፣ ጠጋኙ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙ በራሱ ኮምፒውተር ከፈተው። ፎልደሯ አለች። ስትነካ ግን ምንም የለም። ሾፌሩ ተመልሶ የካልሲውን አመጣ፤ የሰዓቱን አመጣ፤ የቀሩትንም አራት ቦታቸውን ከመጀመሪያውም ያውቅ ስለነበር አመጣቸው። ሰባቱም አንድ ናቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ደብተር የለም» አለው ጠጋኙ። «ያለው ጠቋሚ ነው። ደብተሩ ቤታችሁ ነው ብሎ የሚጠቁም ጣት።»

ሾፌሩ ቤት ገብቶ ነገሩን እንደ ሰማው ነገራት። ስክሪኑ ላይ ያለችው ፎልደር ሾርትከት ናት፤ ደብተሮቹ ያሉት ሌላ ቦታ ነው፤ አንቺ ስትገለብጪ የኖርሽው ጠቋሚዋን ነው። እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ስትከፈት ወደ ዋናው ትመራለች፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት ዋናውን ከራሱ ጋር ነው ያስተያየነው። አራሚዋ አላለቀሰችም። ቀስቷስ ብላ ብቻ ጠየቀች። ቀስቷ «እዚህ የለሁም፣ ሌላ ቦታ ፈልጉኝ» ማለት ናት ተባለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

«አይዞሽ፣ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ» አላት ሾፌሩ።

«አንተ የዘለልከውን ማን ያውቃል?»

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠጋኙ አዲስ ዲስክ ይዞ መጣ። ጆሮውን ኮምፒውተሩ ላይ ደግፎ አዳመጠ። አሮጌው ዲስክ ጭቅ፣ ጭቅ ይላል። ጠጋኙ ፊቱ ተለወጠ። ይህ ወረፋው ደርሶታል አለ፤ አሁን ይህን ልየው ያንን ልክፈተው ካልን በእጃችን ላይ ይሞታል፤ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ነው የምንገለብጠው። መገልበጡ ስድስት ሰዓት፣ ማሽኑ ራሱ ሁለቱን ማመሳከሩ ደግሞ ሦስት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማንም እንዳይነካው፣ ማንም ጠረጴዛውን እንዳያነቃንቅ፣ በር እንኳ በኃይል እንዳይዘጋ። ይህን ብሎ አስጀመረውና ወደ ኪዮስኩ ሄደ።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። ምጡ ጀምሯል፤ ሃያ ቀን ቀድሞ። አውቶቡሱ የሚነሳው አራት ሰዓት ነው።

አራሚዋ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አንዴ የሚያቃስተውን ሣጥን፣ አንዴ ሻንጣውን አየች። ሾፌሩ ሻንጣውን አንስቶ እጇ ላይ አደረገላት።

«ሂጂ። እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«ብትወጣስ?»

«የት ልወጣ?»

«ካፌ።»

«ዛሬ አልወጣም።»

ጀማሪ ያረመውን ገጽ የምታይ ይመስል ከላይ እስከ ታች አየችው። ከውጭ ታክሲው ጥሩንባ ነፋ። ወጣች፤ በሩን በቀስታ ሳበች፣ ከውጭ ቆለፈች፣ ቁልፉን ሹራቧ ኪስ ከተተች፣ ሄደች። ከልማድ ነው ወይስ ባሏን ስለምታውቀው? እሱን እግዜር ይወቀው።

ሾፌሩ ቃሉን ሙሉ ሁለት ሰዓት ጠበቀ። አምስት ሰዓት ሲሆን ለአምስት ደቂቃ ብቻ ልውጣ ብሎ እጀታውን ያዘ። በሩ ንቅንቅ አላለም። የሱ ቁልፍ ከአራት ዓመት በፊት ጠፍቶ፣ አንድ ይበቃናል ተብሎ ነበር። ሰባት ቅጂ ዲስክ የነበረው ቤት፣ የበሩ ቁልፍ ቅጂ አልነበረውም።

የምድር ቤት ስለሆነ መስኮቱ ፍርግርግ ብረት አለው። ሾፌሩ በፍርግርጉ አፍንጫውን አውጥቶ መንገደኛ ሲጣራ፣ ወሬው በአሥር ደቂቃ ካፌ ደረሰ። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ሥር የነበረው ሕዝብ ትኬት ቢቆረጥለት የቤቱን ጣሪያ ያሳድስ ነበር። ባለ ካፌው ሻይ ይዞ መጣ፤ ብርጭቆው በፍርግርጉ ሲያልፍ የብርጭቆው ማስቀመጫ አላልፍ ብሎ ውጭ ቀረ። አንዱ ዳቦ አቀበለው። ሌላው፣ ጠልቆ ሳያስብ መሆን አለበት፣ ሙዝ አቀበለው። ሾፌሩን ከድሮ የሚያውቀው አንድ ትራፊክ ፖሊስ ሞተሩን አቁሞ በመስኮቱ አየውና፣ በመጨረሻ ያዙህ አይደል ብሎት ሄደ።

የሰፈሩ ብረት በያጅ መዶሻና መሮ ይዞ መጣ። ቁልፉን በሦስት ምት አወርደዋለሁ አለ። ሾፌሩ በፍርግርጉ ሁለት እጁን አውጥቶ የበያጁን ሸሚዝ ጨመደደ።

«አንድ ጊዜ ብትመታ አማቴን ትገድላቸዋለህ።»

ሕዝቡ ፀጥ አለ። ሾፌሩ አማቱ ከሞቱ ዓመታት እንዳለፋቸው የሚያውቁት ደግሞ የበለጠ ፀጥ አሉ። ከዚያ ወዲያ በያጁ መዶሻውን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሾፌሩ ውስጥ፣ ከጭቅታው ጋር፣ በካልሲ እየተራመደ ስድስት ሰዓት ቆየ። መጸዳጃ ቤት ሲሄድ እንኳ ውሃ መልቀቅ ፈርቷል፤ ቧንቧው በግድግዳው ስለሚያልፍ ያነቃንቀው ይሆናል ብሎ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠጋኙ ላፕቶፑን ይዞ መጣና መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋው። ሾፌሩ ከቤቱ ኮምፒውተር ስክሪን አንብቦ በመስኮቱ ነገረው፤ ሁሉም ተመሳክሯል፣ ስህተት ዜሮ። ስልኩን ደግሞ ከአራሚዋ ጋር አገናኝቶ ፍርግርጉ ላይ አንጠለጠለው። እሷ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማለች።

«ዜሮ?» አለች። «ዜሮ አልቀበልም። ዜሮ ሦስት ዓመት አይቻለሁ።»

ጠጋኙ ይህን የጠበቀው ይመስላል። ሾፌሩ ኮምፒውተሩን እንዲያጠፋ፣ ሶኬቱንም እንዲነቅል፣ አዲሱን ዲስክ ነቅሎ በፍርግርጉ እንዲያቀብለው ነገረው። ዲስኩ በብረቶቹ መሀል ለጥቂት አለፈ። ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ቀስት የሌለባት ፎልደር ተከፈተች።

«ዋናው ጠፍቷል?» አለች በስልኩ።

«ጠፍቷል።»

«ሶኬቱም?»

«እጄ ላይ ነው፣ የኔ እመቤት።»

«ደብተር ሃያ ሦስት፣ ዘጠነኛው ገጽ። ጠጋኙ ያንብበው። አንተ አፍህን ዝጋ።»

ጠጋኙ ፍርግርጉን ተደግፎ አነበበ። አባቷ አንድ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያለበት ቤት ገብተው፣ ባለቤቷ ቧንቧውን የማታስጠግነው ድምፁ እንቅልፍ ስለሚያመጣላት እንደሆነ የነገረቻቸው ነው። አራሚዋ እስከ መጨረሻው ሰማች። አንድ ነጠላ ሰረዝ ዘለልክ አለችው፣ ጠጋኙም ዘልዬአለሁ ብሎ አመነ። 

«ሰውዬ» አለች ከዚያ ባሏን። «ሴት ልጅ ወልዳለች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ። እጇን ይዣት ነበር።»

ሾፌሩ ግንባሩን ፍርግርጉ ላይ አሳረፈ። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አላት። ሹራቧን ስትዳብስ ተሰማ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። በያጁ ተነስቶ በሦስት ምት አለ፤ በአሥራ ሰባት ምት አወረደው።

አራሚዋ ልጇ ዘንድ ሁለት ወር ቆይታ ተመለሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው እሷ ዘንድ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ባለ ካፌው አላስችል ብሎት፣ ሾፌሩ አጠገቧ ተቀምጦ ሻዩን እያማሰለ ሳለ፣ ሦስት ዓመት ቆልፈሽበት ነበር ይባላል፣ እውነት ነው ወይ አላት።

«ውሸት ነው» አለች። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በኔ ቤት በር ተቆልፎ አያውቅም፣ ይሄ ሰውዬ ተገዶ አንብቦ አያውቅም፣ ልጄ ስትወልድ አጠገቧ ነበርኩ፣ ፖሊስ ደጃፌን አላየውም፣ እኔ ደግሞ ኮምፒውተር የለኝም፤ የሱ ነው።»